አስቻለው ዕቃ አጓጓዥ አልነበረም፤ ድራመር ነበር

«አቶ አስቻለው በባንዳችን የሙዚቃ መሣሪያዎችን በማጓጓዝና በመትከል ለረጅም ዓመታት አገልግለዋል።»

ዛሬ ጠዋት ከደባርቅ ተደውሎ አስቻለው አረፈ ሲሉኝ «የትኛው አስቻለው?» አልኩ፤ ሌላ አስቻለው እንደማላውቅ እያወቅሁ። ላረጋግጥ የባንዱን ገጽ ብከፍት ይህን አገኘሁ።

በማጓጓዝ! ሰውየው ድራመር ነበር። ቤዝ ጊታር ይዤ ከጎኑ ስቆም የኖርኩት እኔ ነኝ።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ከድራሙ ጋር የሚመታውን የነሐስ ሳህን፣ ሲምባሉን፣ ለማንም አያስይዝም ነበር፤ አውቶቡስ ውስጥ እንኳ በጋቢ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። አዲሶቹ አስተዳዳሪዎች መድረክ ላይ አላዩትም፤ ያዩት ሲሸከም ብቻ ነው።

ያን ሲምባል ጎንደር አብረን ነው የመረጥነው። ቻይና የሚባለው ዓይነት፣ ጠርዙ የተቀለበሰው። ባለሱቁ ትልቁንና የሚያብረቀርቀውን አቀረበ። «ውሰደው እንጂ!» አልኩት። አስቻለው መምቻ ስቲኩን ለእኔ ሰጥቶ መንገዱን ተሻገረ።

«ወዴት ነው?»

«ተመልካች መሆኔ ነው። ምታ!»

ትልቁን መታሁ። ከማዶ እጁን አወዛወዘ፤ አይሆንም። ጠቆር ያለውን ትንሹን መታሁና «ይሄማ ድስት ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

እየሮጠ ተመለሰ። «ይቺ ጮኻ ዝም ትላለች፤ ዘፋኟን አትሸፍናትም» አለኝና ወደ ባለሱቁ ዞረ። «እሷን ጠቅልልልኝ።»

ዳባት ሜዳ ላይ ስንጫወት ተፈተነች። ሕዝቡን ብርድ አኮራምቶታል፤ ሁሉም ተከናንቦ ቁጭ ብሏል። እስክስታው ሊጋጋል ሲል አስቻለው ያችን ቻይና አንዴ ጫሽ! አደረጋት። ከጃናሞራ የመጡ አንድ አዛውንት ኩታቸውን ጥለው ብድግ አሉ።

«አንተ ልጅ፣ በላት! ድገማት!»

ደገማት። ሜዳው በሙሉ ተነሣ፤ አቧራው ጨሰ። የዘፋኟ ግጥም ግን አንዲት ቃል ሳትጠፋ ይሰማ ነበር። ዞር ብዬ ሳየው ላቡ እየወረደ ይስቃል። «በል ድስት በላት!» አለኝ።

ለባንዱ አስተዳደር፦ ነገ በዘጠኝ ሰዓት ቀብሩ ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ከዚሁ ጽሑፋችሁ እንደሚወሰድ ቤተሰቡ ነግሮኛል። ድራመር መሆኑ ይጻፍ። ማረማችሁን የሚገልጽ መልስ እስከ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት በጽሑፍ እጠብቃለሁ። በስልክ አልቀበልም።

አስቻለው፣ እነሱ ቢያርሙትም ባያርሙትም ልጆችህ ነገ እውነቱን ይሰማሉ፤ ካስፈለገ ለቀስተኛው ፊት ቆሜ የማነበው እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ሰው ከተቀመጠበት ያስነሣኸው አንተ ነህ። ኮርተህ እረፍ፣ ወንድሜ።