«አቶ የለም አሉ?»

ባለፈው ሳምንት አንድ ክሊኒክ በር ላይ ፓርክ አድርጌ የኢንሹራንስ ካርድ ፍለጋ የመኪናዬን መሳቢያ ስበረብር፣ ከደረቀ ማስቲካና ከተሰበረ የፀሐይ መነጽር ስር አንዲት የፕላስቲክ አምባር እጄ ገባች። ከማነሷ የተነሳ አውራ ጣቴ እንኳ በግድ ነው የሚገባባት። በላይዋ ላይ የታተመውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሳነብ፣ ከሦስት ዓመት በፊት መጀመሪያ ያነበብኩት ቀን እንደሆንኩት ሁሉ ክው አልኩ። «ቤቢ ገርል የለም» ይላል።

ልጄ ሜሮን ከቀኗ ቀድማ በድንገት የወለደቻት የልጅ ልጄ አምባር ናት። ልጅቷን ስም ሳናወጣላት በመስታወት ሣጥን ውስጥ አስተኟት። በዚህ አገር ሆስፒታል ሕፃን ስም እስኪወጣለት ድረስ በእናቱ ፋሚሊ ኔም ይጠራል፤ የእኛ ፋሚሊ ኔም ደግሞ «የለም» ነው። ነርሷ ምንም አላጠፋችም። እኔ ግን ደረቷ በመከራ ከፍ ዝቅ የሚል፣ መዳፍ የማትሞላ ፍጥረት እግር ላይ «ሴት ልጅ የለም» የሚል ጽሑፍ ታስሮ አየሁ። ይሄ ስም ከዚህች ልጅ ላይ ዛሬውኑ ይነሳል፣ ፍርድ ቤትም ቢሆን እሄዳለሁ አልኳት ለሜሮን። እሷ ከትራሷ ቀና ሳትል «ዳድ፣ ላስት ኔማችን ነው እኮ፤ ኢትስ ኦኬ» አለችኝ። ኦኬ አልነበረም። እድሜዬን ሙሉ የተሳቀብኝ ስም ነው፤ ያን ቀን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አስፈራኝ።

ስሙ ከየት እንደመጣ የማያውቅ፣ እዚህ ኮሎራዶ አውሮራ ከተማ የሚኖር ሐበሻ አልነበረም። በስምንት ዓመቴ ከሱዳን መጥተን ቻምበርስ ሮድ ላይ፣ ምንጣፉ የሰው ሁሉ ወጥ የሚሸትበት አፓርታማ ውስጥ ስንገባ፣ ከታችኛው ፎቅ ጋሽ መኮንን የሚባሉ የታክሲ ሹፌር ይኖሩ ነበር። እሳቸው ባሉበት ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትም። የእኛን ስም ታሪክ የሚያወሩት ተነስተው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ አንዴ ፈረንጁን መዝጋቢ አንዴ አባቴን እየሆኑ ነው፤ ካርቱም ላይ ስደተኛ የሚመዘግበው ፈረንጅ አባቴን የአያትህ ስም ማነው ይለዋል፣ አባቴ ግራ ተጋብቶ «የለም» ይላል፣ ፈረንጁም የተባለውን ጽፎ ማኅተሙን ይመታል። ቤቱ በሳቅ ይናጋል። ከሁሉም አብልጦ የሚስቀው አባቴ ነበር፤ ዳውንታውን ከሚሠራበት የፓርኪንግ ጋራዥ ደክሞ መጥቶ እንኳ፣ ያንኑ ታሪክ ለስንተኛ ጊዜ እየሰማ፣ እንባውን በመሐረብ ይጠርጋል።

ስልክ ሲደወል ደግሞ ሌላ ቲያትር ነበር። ደዋዩ «አቶ የለም አሉ?» ይላል። እናቴ የዋህ ናት፣ «የለም የለም፣ ሥራ ሄዷል» ትላለች። ደዋዩ ይጨነቃል፣ «እንግዲህ አሉ ወይስ የሉም?» ቤተ ክርስቲያን የጽዳት ተረኞች ስም ሲነበብ «ብሩክ የለም» የተባለ እንደሆነ፣ ከኋላ አንዱ ከሌለ ምን ያስጠራዋል ብሎ ሕዝቡን ያስቃል፤ እኔ መጥረጊያዬን ይዤ ቆሜያለሁ። ትምህርት ቤት የስማችሁን ምንጭና ትርጉም ይዛችሁ ኑ የተባልን ጊዜ የክፍሌ ልጆች ስማቸውን በስልክ ማውጫው ውስጥ ገጽ ሙሉ ሲያገኙት፣ በመላው ኮሎራዶ ከእኛ ቤት በቀር አንድም የለም የለም። መምህሯ ትርጉሙን ስትጠይቀኝ «ናቲንግ» አልኳት። ዳር ዳር ያልኩ መስሏት፣ ሁሉም ስም ትርጉም አለው ብላ ተቆጣችኝ።

አባቴ እንግሊዝኛው እስኪፈታለት ድረስ ሐኪም ቤት የምወስደው እኔ ነበርኩ። ነርሷ በሩን ከፍታ «ሚስተር የለም?» ብላ ስትጠራ እሱ ቃል አይተነፍስም፤ ቀስ ብሎ እጁን ብቻ ያነሳል። እኔ ታዲያ በእንግሊዝኛዬ የምኮራ ልጅ፣ ከወንበሬ ዘልዬ «ሂር!» እላለሁ፤ እዚህ አለን ማለቴ ነው። ወዲያው ያ ትልቅ፣ የመኪና ጭስና የሳንቲም ሽታ የማይለቀው መዳፉ መጥቶ አፌን ግጥም ያደርገዋል። አይቆጣም፣ አይመታኝም፤ አፌን ብቻ ይይዘኛል። በሰው ፊት መጮኼን የጠላ ጨዋ ሰው ነው ብዬ አለፍኩት። እኔም አልተውኩ፣ እሱም አልሰለቸው።

እንግዲህ ያን ቀን ሆስፒታል አባቴ ከሚኖርበት ከፓርክ ሂል ሰፈር ከዘራውን ይዞ መጣ። መስታወቱን ተደግፎ ልጅቷን ረጅም ጊዜ አያት፣ ከዚያ እግሯ ላይ ምን እንደተጻፈ ጠየቀኝ። አፍሬ ነገርኩት። አይዞህ፣ ዛሬ አስለውጠዋለሁ፣ አንድ ሰነፍ መዝጋቢ የሠራው ስህተት በዚህች ላይ አይቀጥልም አልኩት። አባቴ ዞር ብሎ አየኝ።

«ስህተት ነው ያለህ ማነው?»

«ጋሽ መኮንን ናቸዋ። አንተስ ስትስቅ አልነበር?»

«ስቄያለሁ» አለ። «ግን ፈረንጁ የአያቴን ስም ጠየቀኝ፣ የአያቴን ስም ነገርኩት። እዚያ ወረቀት ላይ ዕድሜዬ እንኳ በግምት ነው፤ ያ ስም ግን ልክ ነው።»

አባቴ ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣ አገሩ ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ስለነበረችው የአያቱ እናት ነገረኝ። የወለደቻቸውን ልጆች ሁሉ አንድ በአንድ ቀብራ ነበር። የመጨረሻውን ስትወልድ፣ ሞት ደጅ ቆሞ ቢጠራባት መልሱ ዝግጁ እንዲሆን ብላ «የለም» አለችው። ልጁ አደገ፣ ሸበተ፣ ጥርሱ ረገፈ፣ አባቴን በትከሻው እስኪሸከም ኖረ። ሰው ሲጠራው ግን አንድ ቀን «አቤት» ብሎ አያውቅም፤ እጁን ብቻ ያነሳ ነበር። ለልጅ ልጆቹም ያወረሳቸው ይህንኑ ነው። በዚህ ስም ስትጠሩ አፋችሁን አትክፈቱ፤ ሰው ሲስቅበት አብራችሁ ሳቁ፤ ሰው የሚስቅበትን ስም ሞት አይመኘውም።

በዚያች ደቂቃ ጆሮዬ ውስጥ የሚጮኸው የራሴ ድምፅ ነበር፦ ሂር፣ ሂር፣ ሂር። አባቴን ስንት ጊዜ ነው ለሞት ጠቁሜ አሳልፌ የሰጠሁት?

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ብነግርህ መሳቅ ታቆም ነበር» አለኝ።

ልብ በሉ፣ እኔ እንዲህ ባለው ነገር አላምንም፤ የንስሐ አባቴም ቢሰሙ ይቆጡኛል። ግን ፍርድ ቤት አልሄድኩም። ልጅቷ ሶልያና ተባለች፣ በራሷ መተንፈስ ቻለች፣ ወፍራ ቤቷ ገባች፤ ከስሟ በስተኋላ ያለው እንዳለ ቀረ። አባቴ ከዚያ ወዲያ ብዙ አልቆየም። ጋሽ መኮንን ከእሱ ቀድመው ሄደዋል፤ ስልኩን የምታነሳዋ እናቴም የለችም። የሜሮን ጓደኞች ስሙን «ዬለም» ብለው፣ እንደ ሽቶ ስም አሳምረው ይጠሩታል፣ ማንም አይስቅም። ይሄ ነው ቅር የሚለኝ። የሚስቅበት ያጣ ስም ከእንግዲህ ማንን ይሸሽጋል እያልኩ አዝናለሁ።

ባለፈው ሳምንት አምባሯን ያገኘሁ ጊዜ የአምባሯ ባለቤት ሶልያና ከኋላ ወንበር ላይ ጫማዋን አውልቃ ትዘፍን ነበር። ካርዱን አገኘሁት፣ አምባሯን ኪሴ ከተትኩ፣ ሶልያናን አቅፌ ገባሁ። ብዙም ሳንቆይ ነርሷ በሩን ከፍታ «የለም?» አለች። ሶልያና ከጭኔ ላይ ተነስታ፣ ክፍሉ ሁሉ እስኪሰማ «ሂር! አይ አም ሂር!» ብላ ጮኸች።

ምን እንዳደረግሁ ያወቅሁት ካደረግሁት በኋላ ነው። መዳፌ አፏ ላይ ነበር፤ ትንፋሿ ጣቶቼ መሃል ይሞቃል፣ ዓይኖቿ በመገረም ወደኔ ቀና ብለዋል፣ እኔም ከእሷ ብሼ ደንግጫለሁ። ነርሷ ደግማ ጠራች። አልተነፈስኩም፤ በሌላው እጄ ሶልያናን ደገፍኩ፣ ከዚያም አፏን የያዝኩበትን እጅ ቀስ ብዬ ወደ ላይ አነሳሁ።