ያልዞሩት እንቁላሎች

ተረትና እውነት የማልለይ ልጅ ሳለሁ፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ባለች መንደር፣ በአያቴ ቤት ነበር ያደግሁት። አያቴን አባባ ነበር የምንላቸው፤ መሪጌታ ነበሩ። ቀን ዜማ ሲያስተምሩ ውለው ሲመሽ እሳት ዳር ተቀምጠው ተረት ይነግሩን ነበር። ጢሱ ዓይናችንን እያቃጠለ ያስለቅሰናል፤ ያኔ ግን እሳቸው አፋቸውን ከከፈቱ ጢሱም ብርዱም ትዝ አይለንም። ቁጡ ነበሩ። በተረቱ መሀል የሳለ ልጅ እንኳ «ውጣና ሳል!» ይባላል።

ያ ሰኔ ግን ቤታችን ደስታ አልነበረውም። የእናቴ ታናሽ እህት እማዋይሽ ደምበጫ ተድራ አራት ዓመት ሳትወልድ ብትቆይ፣ ባሏ «መካን ናት» ብሎ ወደ አባቷ ቤት መልሷታል። ትመለስ ወይም ትቅር የሚሉት ሽማግሌዎች እስኪመጡ ትጠብቃለች። ዲማ ድረስ ሄዳ ጠበል ተጠምቃ መጥታለች። እኔ «እታለም» ነበር የምላት። አንድ መደብ ላይ ስለምንተኛ ስታለቅስ እሰማታለሁ፤ ሰውየውን ትወደው ነበር።

አንድ ምሽት አባባ የእንቁራሪትን ነገር አመጡ። «እንቁራሪት ውሃ ላይ የምትጥለው እንቁላል ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ ነው» አሉ። «ስትጥለው አንዱ በጎኑ፣ አንዱ በአናቱ ይወድቃል። እግዜር ያየው እንቁላል ታዲያ ማንም ሳይነካው ዞር ይልና ጥቁር ፊቱን ወደ ሰማይ ያደርጋል። ያላየው እንደወደቀ ይቀራል፤ ይበሰብሳል።» እታለም ጥጥ ትፈትል ነበር፤ እንዝርቷ ቆመ። አባባ አላስተዋሉም።

በማግስቱ ጣሳና ጎድጓዳ ሳህን ይዤ ከማሳው በታች ወዳለው ኩሬ ወረድኩ። አንዲት ትልቅ እንቁራሪት ትንሽ እንቁራሪት አዝላ አገኘሁ። «ውይ ምስኪን!» ብዬ፣ ልጇ መስሎኝ፣ ከጀርባዋ አላቅቄ ሣር ላይ ወረወርኩትና እሷን ጣሳዬ ውስጥ ከተትኳት። ሌላዋም እንዲሁ አዝላ እንቁላሏን ስትጥል ደረስኩባት፤ የሷን እንቁላል ከነዝልግልጉ በሳህኑ ቀዳሁ። መጀመሪያ ሁሉም ዝብርቅርቅ ነበር። ከምንጭ ውሃ ቀድቼ ስመለስ ግን አንድ ሳይቀር ጥቁሩ ወደ ላይ ሆኗል። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። የጣሳዋም እንቁራሪት በኋላ ጣለች፤ የሷን እስኪመሽ ብጠብቅ፣ ንቅንቅ የለም።

ሲመሽ ሁለቱንም ኩራዙ አጠገብ አስቀመጥኩና ቤተሰቡ ሁሉ በተሰበሰበበት «እነዚህን እግዜር አይቷቸዋል፤ እነዚህን ግን አላያቸውም፤ እንደ እታለም» አልኩ።

ምላሴን በቆረጠው! እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። አባባ «አንቺ ባለጌ! ከየት ነው ያመጣሻቸው?» ብለው ጮኹ። የጣሳዋን እንቁራሪት ልጇን ከጀርባዋ እንዳወረድኩላት ነገርኳቸው።

«ልጇ አይደለም» አሉ፣ ድምፃቸው ወርዶ። «ባሏ ነው።»

ያኔ እታለም ተነሥታ መጣች። የምትመታኝ መስሎኝ ተሸማቀቅኩ። እሷ ግን ኩራዙን አንሥታ ሳህኑንም ጣሳውንም ደጋግማ አየች።

«አባባ፣ እንዲህ ከሆነማ እንቁላሉ ምን አጠፋ?» አለች። «ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ይናገሩልኝ። እሱም ጠበል ይግባ፣ እሱንም ሐኪም ይየው ይበሉልኝ።»

አባባ ፍሙን በእንጨት ጫር ጫር አደረጉ።

ሽማግሌዎቹ በሳምንቱ መጡ። ባልየው አንገቱን ደፍቶ መሀላቸው ተቀምጧል። እታለም እኔን አጠገቧ አድርጋ፣ እጄን እስኪያመኝ ጨብጣ፣ ከጓዳ ታዳምጣለች። አባባ መጽሐፍ እየጠቀሱ ስለ ትዳር ክብር ብዙ ተናገሩ፤ ሰው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ሰማቸው። ያቺን አንዲት ነገር ግን አላነሡም። ወንድን ልጅ በሽማግሌ ፊት እንዲያ ብሎ መጠየቅ ነውር ነዋ! ፍቺው በዚያው ቀን አለቀ።

ሰውየው ዓመት ሳይሞላ ሌላ አገባ፤ እሷም አልወለደችም። ወሬው መንደራችን ደረሰ፤ እታለምን ግን ይቅርታ ያላት የለም። መካን ተብላ ስሟ ስለወጣ ሊያገባት የጠየቀም አልተገኘ። ዛሬም እዚያው ቤት ብቻዋን ናት።

እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ሆንኩ። የወንዱ ዘር ሲገባ ስሱ ልባስ ከእንቁላሉ ገጽ ለቀቅ እንደሚል፣ እንቁላሉም በውስጡ እንደ ልቡ ዞሮ ከባዱ ነጭ ወገን ወደ ታች እንደሚሆን፣ ጥቂት ቆይቶም ወገቡ ላይ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ አመድማ ምልክት እንደሚወጣ አስተምራለሁ። ባለፈው ፋሲካ ይህንኑ በወረቀት ሥዬ ለእታለም ወሰድኩላት። የልቧን ሸክም የማቀልላት መስሎኝ ረጅም ሰዓት አስረዳኋት። እስክጨርስ ታገሠችኝ።

«እኔማ ያን ዕለት ማታ ነው ያወቅሁት» አለች። «አባባም ያን ዕለት ማታ ነው ያወቁት።»

አባባ ካረፉ ቆይተዋል። ተረት ሲነግሩ የነበራቸው ድምፅ አሁንም ይናፍቀኛል፤ ያ ሁሉ አንደበት ለገዛ ልጃቸው አንዲት ቃል ማጣቱ ግን ያንገበግበኛል። እታለም በየዓመቱ ተዝካራቸውን ታወጣለች፤ ይቅር ብላቸዋለች። እኔ አልቻልኩም።