ታርጋ ለማስቀየር ወልድያ የሄድን ዕለት

መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኝ ነበር። በዘጠኙም ዓመት መኪና ኖሮኝ አያውቅም ነበር። ጓደኛዬ ደግሞ ያኔ መኪና ካገኘ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር፤ መንጃ ፈቃድ ግን አልነበረውም። ፍሬኑን ከፍሪሲዮኑ ለይቶ አያውቅም። እግዜር ሲያድል አንዳንዴ ቤት ይሳሳታል ብዬ ያማረርኩት ያን ሰሞን ነው። ያማረርኩት በልቤ ነው እንጂ በአፌማ ከማንም ቀድሜ "እንኳን ደስ አለህ" ያልኩት እኔ ነኝ።

ሁለታችንም መርሳ፣ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ እናስተምራለን። እሱ ሒሳብ፣ እኔ ጂኦግራፊ። ባጃጅ ስንጋፋ፣ ዝናብ ሲመጣ አንድ ቆርቆሮ ስር ስንጠለል ብዙ ዓመት አብረን ኖረናል። ልዩነታችን እህት ነው። እሱ አረብ አገር የምትሠራ እህት አለችው፤ እኔ የለኝም። መኪናዋን የገዛችለት እሷ ናት። ዜናውን የሰማሁ ዕለት እናቴን አንዲት ሴት ልጅ እንኳ ስላልወለደች በሆዴ ወቅሻታለሁ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ያኔ ግን አላፈርኩም።

መኪናዋ ያገለገለች፣ ብርማ ቀለም ያላት ትንሽ የቤት መኪና ናት። ከአዲስ አበባ ስለመጣች "አአ" የሚል ታርጋ ነበራት። እውነቱን ለመናገር ያ ታርጋ ያጽናናኝ ነበር። እሱ ቤት ግቢ ውስጥ ቆማ ሳያት የእሱ አትመስለኝም፤ ዘመድ ሊጠይቅ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ያቆማት ነው የምትመስለኝ። እንግዳ ደግሞ ምንም ቢሰነብት መሄዱ አይቀርም። በዚህ ሐሳብ ሁለት ሳምንት በደህና እንቅልፍ ተኛሁ።

ከዚያ አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ፋይሉ ከአዲስ አበባ ወልድያ ደርሷል አሉኝ። ታርጋዋን ላስቀይር ነው። ሰኞ ትነዳልኛለህ?"

"ምን ችግር አለው" አልኩት።

ችግሩን የማውቀው እኔ ነኝ። "አማ" የሚል ታርጋ ከተመታባት ያገር ልጅ ሆነች ማለት ነው። በየጠዋቱ፣ ዕድሜ ልኬን፣ ላያት ነው።

ሰኞ ማለዳ ከመርሳ ወጣን። ትምህርት ለግማሽ ዓመት እረፍት ተዘግቶ ነበር። እኔ መሪው ላይ፣ እሱ ከጎኔ፣ የሰነዱን ማህደር ጉልበቱ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ይዞታል። የደህንነት ቀበቶውን አጥብቆ፣ ፈታ፣ እንደገና አጠበቀ። ማርሽ ስቀይር እጄን ያያል። መኪናዋ ለስላሳ ናት፤ መሪዋን በሁለት ጣት ብትነካው እሺ ትላለች። ይህን ባላውቅ ይሻለኝ ነበር።

"ስትነዳ ያምርብሃል፣ ወላሂ" አለኝ።

ሊያስደስተኝ ነው ያለው። እኔ ግን በልቤ መለስኩለት። የሚያምርብኝ እኔ ከሆንኩ፣ ታዲያ ለምን ያንተ ሆነች?

እናቴ የምትኖረው ሲሪንቃ ነው፤ ቤቷ ከአስፋልቱ ብዙም አይርቅም። መንጃ ፈቃዱን ይዤላት የገባሁ ዕለት ፎቶዬን በነጠላዋ ጫፍ ወልውላ፣ "እንግዲህ መኪናው ይከተላል" ብላ ነበር። ለመንደሩ ሁሉ ነገረች። ለጎረቤት፣ ለማኅበርተኛ፣ ለንስሐ አባቷ። ከዚያ በኋላ በሄድኩ ቁጥር "እንዴት ሆነ?" ትለኛለች፤ ምኑ እንደሆነ አትናገርም፣ እኔም አልጠይቃትም። የተውኩት መስሏት እንዳታዝን "እየታሰበ ነው" እላታለሁ። በመጨረሻ መጠየቁን ተወች። ዝምታዋ ከጥያቄዋ ይብስ ነበር።

ሲሪንቃ መግቢያ ላይ ፍየሎች አስፋልቱን ሲያቋርጡ ቆምኩ። ከኋላቸው የምትነዳቸው ሴት የእናቴ ጎረቤት ነበረች። አንገቷን አስግጋ በመስኮቱ አየችኝ።

"በስመ አብ! አንተ ነህ? ገዛህ? እሰይ የኔ ጌታ! እንኳን ደስ ያለህ!"

ሁለት ቃል ይበቃ ነበር፤ "የሱ ናት" ማለት። ከጎኔ ተቀምጧል፣ በእጄ መጠቆም ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ።

"እንኳን አብሮ ደስ ያለን" አልኳት።

"ኧረ ለናትህ ቶሎ ላብስራት!" ብላ ፍየሎቹን መንገድ ዳር ጥላ ሽቅብ ሮጠች።

በዓይኔ ጠርዝ አየሁት። ማህደሩን ከፍቶ ሊብሬውን የሚያነብ መስሏል። የሚያውቀውን ሊብሬ። አልተቆጣም፣ አልሳቀም፣ "ምን ማለትህ ነው?" አላለኝም። ወልድያ እስክንደርስ ድረስ ስለ ሌላ ነገር አወራን፤ ስለ ፈተና እርማት፣ ስለ ርዕሰ መምህሩ አዲስ ጫማ። ቢሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር። ቢሰድበኝ እኔም የምለው አላጣም።

ትራንስፖርት ቢሮው ግቢ ወረፋ ነበር። መርማሪው መጥቶ "ባለመኪና፣ ኮፈኑን ክፈተው" አለ፤ ወደኔ እያየ። ከፈትኩት። የሞተር ቁጥሩን አሳየሁት። የሻንሲ ቁጥሩ የት እንደተመታ ጓደኛዬ ሲጠየቅ ጎማውን ስለጠቆመ፣ እሱንም እኔው አሳየሁ። መርማሪው ወረቀት አስደግፎ በእርሳስ እየፈገፈገ ቁጥሩን አወጣ። "መኪናህን ታውቃታለህ" አለኝ። ኮፈኑን ዘጋሁት። ያን ቀን ዝምታ ለምዶብኝ ነበር።

ከዚያ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠን ስንጠብቅ በመስኮቱ በኩል ስም ተጠራ። የእሱ ስም ነው፤ እስከ አያቱ ድረስ ጥርት ብሎ ነው የተጠራው። ሁለታችንም ብድግ አልን። እኔ ለምን እንደተነሳሁ እስካሁን አላውቅም። ጫማዬን የማስር መስዬ ጎንበስ አልኩ፤ ጫማዬ ግን ማሰሪያ የለውም።

ታርጋውን ይዞ መጣ። ገና ቀለሙ የሚያበራ፣ ነጭ መደብ ላይ ሰማያዊ ጽሑፍ። "አማ"። በሁለት እጁ ይዞ እንደ ሰርተፊኬት ያየዋል። አሮጌውን ፈትቼ አዲሱን ማሰር የኔ ሥራ ሆነ፤ እሱ ካቻቢቴ አይይዝም። ከሰው ተውሼ የኋላውን ጨረስኩና ወደ ፊት ዞርኩ። የፊተኛውን ግን አጣምሜ አሰርኩት። ሳላውቅ አይደለም። የግራውን ብሎን አንድ ጣት ያህል ዝቅ አድርጌ ነው ያጠበቅኩት።

ራቅ ብሎ ቆሞ አየው።

"ማሻአላህ፣ አማረባት!" አለ።

ጠማማው አልታየውም። አንድን ነገር ወዶ የሚያይ ሰው ጠማማ አይታየውም መሰለኝ። ሄጄ ፈትቼ አቃናሁት። ጸጸት ይዞኝ አይደለም፤ መንገድ ላይ ትራፊክ ቢያስቆም የሚጠየቀው የሚነዳው ነው፣ የሚነዳው ደግሞ እኔ ነኝ።

ስንመለስ ልቤ ሲሪንቃ ላይ ነበር። ጎረቤቲቱ ረስታው ይሆናል አልኩ። ፍየሎቿ ጠፍተውባት ይሆናል አልኩ። መንደሩ ሲቃረብ ነዳጁን ረገጥኩት፤ ሳልቆም ላልፍ ነበር ሐሳቤ።

"ቀስ በል፣ እናትህ ናቸው" አለኝ።

እናቴ ናት። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ብቻ የምትለብሰውን ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን አደግድጋ አስፋልቱ ዳር ቆማለች። አጠገቧ አምስት ስድስት ጎረቤቶች አሉ፤ የጠዋቷ ሴትም ከመካከላቸው አለች። ምን ያህል ሰዓት በፀሐይ እንደቆሙ አላውቅም። መኪናዋን ሲያዩ እልልታው ቀለጠ። ቆምኩ። ወርጄ እግሯን ልስም ስል "ቆይ፣ እዚያው ሁን፣ ከመሪህ ላይ እንዳለህ ልይህ" አለችኝ። ዘጠኝ ዓመት ስትጠብቅ የቆየችውን ልታይ ነው። መስኮቱን እስከ ታች አወረድኩት።

ኮፈኑ ላይ መዳፏን አሳረፈች። ሞተሩ አግሎት ኖሮ እጇን መለሰች፤ ከዚያ ነጠላዋን አጥፋ አነጠፈችና በላዩ ላይ አስቀመጠችው። ጎረቤቶቿ መዳፋቸውን ዘረጉ።

"በሰላም ወጥተህ በሰላም ግባ! ደም አያሳይህ! ከክፉ ሰዓት ይሰውርህ! የታመመ የምታደርስበት፣ ሙሽራ የምታጅብበት ያድርግልህ!"

በየመሐሉ ሰዉ "አሜን!" ይላል። እኔ ላብ አጥምቆኛል። ጓደኛዬ አንገቱን ሳያዞር፣ በለሆሳስ፣

"ዝም በል፣ ይመርቁህ። እኔ ምንም አልልም" አለኝ።

እዚህ ላይ ተበጠስኩ። መኪናዋ የሱ ናት፣ ታርጋው የሱ ነው፣ አሁን ደግሞ የገዛ እናቴን ደስታ እሱ ሊሰጠኝ ነው! በደግነትም ሊበልጠኝ ነው! ይህቺንስ አልቀበልም አልኩ። በዚች እንኳ አልበለጥም።

"እማዬ" አልኩ ጮክ ብዬ፣ "መኪናዋ የኔ አይደለችም። የሱ ናት። እኔ ነድቼለት ነው።"

ሰው ቢሰማኝ እውነት አስጨንቆኝ የተናገርኩ ይመስለው ይሆናል። እልህ ነው ያናገረኝ።

የተዘረጉት መዳፎች ባሉበት ቀሩ። የጠዋቷ ሴት እናቴን አየች፣ ከዚያ መሬት መሬት ማየት ጀመረች። እናቴ አየችኝ። ልጅ ሳለሁ ከክፍል ስወድቅ ካርዴን አይታ እንደምታየኝ ነበር፤ ቁጣ የለበትም። ነጠላዋን ከኮፈኑ ላይ አነሳች፣ በመኪናዋ ፊት ለፊት ዞራ ወደ እሱ በር ሄደች።

ጓደኛዬን ታውቀዋለች። የገና በዓል በደረሰ ቁጥር ከኔ ጋር ይመጣል፤ በሙስሊም ጎረቤት እጅ የታረደ ዶሮ ለብቻ ሠርታ ትጠብቀዋለች። ስትመጣ አይቶ ቀበቶውን በጭንቅ ፈታና ወረደ፣ አንገቱንም ደፋ።

"አንተ ነህ እንዴ ልጄ? እሰይ! እንኳን ደስ ያለህ!"

"እማማ፣ ይቅርታ ያርጉልኝ፣ እኔ..."

"ዝም በል፣ ልመርቅህ" አለችው። እጇን ራሱ ላይ አድርጋ ከመጀመሪያው ጀመረች። በሰላም ወጥተህ በሰላም ግባ። ደም አያሳይህ። ከክፉ ሰዓት ይሰውርህ። አንዲት ቃል አልቀነሰችም፣ ድምፅዋንም አላሳነሰችም። ምናልባት ትንሽ ይጎድላል ብዬ ጆሮዬን ጥዬ ሰማሁ፤ ምንም አልጎደለም። በመኪናዋ ስቀና የከረምኩት ምንም አልነበረም፣ ቅናት ማለት ምን እንደሆነ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። የታመመውንም ሙሽራውንም ለእሱ ሰጠችው። ከዚያ እኔ አቋርጬ ወዳላስደረስኳት ምርቃት ደረሰች።

"ከምቀኛ ዓይን ይሰውርህ!"

"አሜን!" አለ ሰዉ። እሱም "አሚን" አለ፤ አንገቱን እንደ ደፋ ነው፣ ወደኔ አላየም። እናቴ ግን እጇን ከራሱ ላይ ሳታነሳ በመኪናዋ ጣራ ላይ አሻግራ ታየኝ ነበር። ወደሚቀጥለው ምርቃት አላለፈችም። ጠበቀችኝ።

ከመኪናዋ ወርጄ መዳፌን ዘረጋሁና አሜን አልኩ።