በክረምት በር አይላግም

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ አሥሬ ይለዋል። እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። «አሥር ጊዜ ለክተህ አንዴ ቁረጥ» የሚለውን የአናጢ ሕግ ከአፉ ስለማይለየው፣ ሲሠራም ደንበኛው እስኪሰለች ድረስ አሥሬ ሜትሩን እየዘረጋ ስለሚለካ የወጣለት ነው። አንድ መደርደሪያ ለማዘዝ የመጣን ሰው እንኳ ቤቱ ድረስ ሄዶ ግድግዳውን ካላየ ሥራውን አይቀበልም። አርባ ዓመት ሙሉ እንጨት አላበላሸም ይባልለታል። እሱም ይህን ሲሉት ዝም ብሎ ይሰማ ነበር፤ ደስ ይለዋላ።

ሌላም ሕግ አለው፤ በክረምት በር አይላግም። ዝናቡ ሲበረታ «በሬ አልዘጋ ብሎኛል፣ መላጊያህን ይዘህ ድረስልኝ» የሚል አይጠፋም። «እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ አብጦ ነው። ዛሬ ብልገው በጋ ላይ ድመት የምታልፍበት ክፍተት ይሆንብሃል። ታገሥ፣ ራሱ ይመለሳል» ብሎ ባዶ እጁን ይሸኘዋል። ሥራ አልፈልግም የሚል አናጢ እሱ ብቻ ነው እያሉ ይስቁበታል።

ፒያኖ መማር የጀመረው በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ማንንም ሳያማክር ነው። ከሰፈሩ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በላይ ባሉት ሁለት ክፍሎች ውስጥ ፒያኖ የምታስተምር ወጣት ሴት አለች። የሚንቋቋውን ወለሏን እንዲጠግንላት ጠራችው። እሱ ተንበርክኮ ምስማር ሲመታ ከወዲያኛው ክፍል አንዲት ሕፃን እየተሳሳተች ትጫወታለች። ወለሉ አልቆ አንድ መደርደሪያና ሁለት በሮች ሲቀሩ፣ «ለቀረው አትክፈይኝ፤ አስተምሪኝ» አላት። የቀለደ መስሏት ሳቀች። እሱ ግን ቆቡን አውልቆ በእጁ እንደያዘ ቆሟል።

መምህሯ አንቱ ትለዋለች፣ እሱ አንቺ ይላታል፤ ፒያኖው ፊት ሲቀመጡ ግን ታላቁ ማን እንደሆነ ያስታውቃል። የግራ እጁን የቀለበት ጣት እኩሌታ መጋዝ ከወሰደበት ቆይቷል። የመጀመሪያው ቀን እያፈረ ዘርግቶ ሲያሳያት፣ «ዘጠኝ ተኩል አለን ማለት ነው፤ ከአሥር ብዙም አያንስም» አለችው። በዚህች ቃል ልቡን ወሰደችው። እጁ ግን እሺ አይልም። መዶሻ የለመደ እጅ በስሱ ንካ ሲሉት አይገባውም። «ጋሼ፣ ምስማር አይደለም እኮ!» ትለዋለች። ወርክሾፑ ሲመለስ የመሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ነጩንና ጥቁሩን በእርሳስ ሥሎ፣ ሰጋቱራውን በክንዱ እየጠረገ፣ ድምፅ በሌለው ሳንቃ ላይ ይለማመዳል።

ይህ ሁሉ ሚስቱን ሊያስደንቃት ነው። ሚስቱ የሕፃናት አስተማሪ ናት፤ ሲጋቡ ይዛ የመጣችው ያሳደገቻት አክስቷ የሰጠቻትን ፒያኖ ነበር። አክስቷ ያስተማረቻት አንዲት ዜማ አለች፤ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ እሷን ትጫወታለች። ጋሽ አሥሬ ዜማዋን ለመምህሯ በፉጨት እያሰማ፣ መምህሯ እየሳቀች ቁልፎቹን እየፈለገች፣ በሁለት ሳምንት ተይዛ ወረቀት ላይ ሰፈረች።

ፒያኖው ዛሬ የለም። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ ክረምት ላይ፣ አክስትሽ በጠና ታማለች የሚል ስልክ መጣ። ሚስቱ ያገኘችውን ልብስ ሻንጣ ውስጥ ወርውራ ስትሮጥ የሳሎኑን መስኮት ሳትዘጋው ቀረች። እሱ ደግሞ በሌላ ከተማ የትምህርት ቤት በሮች ሊገጥም ሄዶ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲመለስ ወለሉ ረጥቦ፣ ፒያኖው ላብ ያጠመቀው መስሎ አገኘው። ጥርሶቹን ተጫናቸው፤ ያኔ ቁልፍ መባላቸውን አያውቅም። ግማሾቹ ሰጥመው በዚያው ቀሩ። «ሞቷል» አለ፣ ብቻውን ቆሞ። በማግስቱ መፍቻና መጋዝ አነሣ።

ሚስቱ አክስቷን ቀብራ በሁለተኛው ወር ስትመለስ፣ በፒያኖው ቦታ ከዚያው ከፒያኖው ሳንቃ የተሠራ ባለ ሁለት በር ቡፌ ቆሞ ጠበቃት። እውነት ለመናገር እንደዚያ ያለ ቡፌ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ አልሠራም። እሷ ግን ሻንጣዋን እንደያዘች ቆማ አለቀሰች። «እኔ ነኝ የገደልኩት። መስኮቱን ትቼው ሄጄ» አለች። እሱም ትከሻዋን አቀፈ። «ተይው በቃ፣ የሰው ልጅ ይረሳል። ይቅር ብዬሻለሁ» አላት። ይቅር አላት! ይህን ቃል ልብ በሉልኝ።

ከዚያ ወዲህ ሴትየዋ ደመና ካየች መስኮት ትዘጋለች። በገዛ ቤቷ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ እንግድነት ሄዳም፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ስትጠብቅም፣ አውቶቡስ ውስጥም ተነሥታ ትዘጋለች። «ቆላፊዋ መጣች» ብለው ይቀልዱባታል። ባሏም አብሮ ሲስቅ ኖሯል።

ክረምቱ ገባ። ጋሽ አሥሬ ከዜማዋ ከአራት ሦስት እጁን ይዟል። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት መምህሯ ዘንድ ተቀምጦ ሲጫወት አንደኛው ቁልፍ ወርዶ አልመለስ አለ። ቀጥሎ ሌላው። ከዚያ ሦስተኛው። እጁን በድንጋጤ ሰበሰበ።

«ገደልኩት?» አላት።

«ምን ይሞታል ጋሼ! እርጥበት ነው። እንጨት አይደል? በክረምት ያብጣል፣ በጋ ሲገባ ይመለሳል። ለአናጢ ነው እንዴ ይሄን የምነግረው?»

«ግማሹ ቢጣበቅስ?» አለ፤ ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «መስኮት ተከፍቶ፣ ዝናብ ገብቶበት፣ ግማሹ ቢጣበቅ?»

«ይሄው አምና እንደዚያ ሆኖብኝ የለ! ጣራው አፍስሶበት። የሚጠግኑት ሰውዬ መጡና ከፍተው አደረቁት፣ አንዳንዱን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ ፋቅ አደረጉለት፣ በቃ። ይሄው አሁን የሚጫወቱበት እሱ ነው እኮ።»

ቆቡን ሳያነሣ ወጣ። ዝናቡ ራሱ ላይ ሲወርድ የተሰማው መንገዱን ካጋመሰ በኋላ ነው።

አላወቅሁም ነበር፣ ይላል ለራሱ። ፒያኖ ምን እንደሆነ በምን አውቄ? ይህ ለአንድ ቀን ያህል አገለገለው። በሁለተኛው ቀን አንድ ነገር ትዝ አለውና የያዘውን መላጊያ አስቀመጠ። ፒያኖውን ከፈታታው በኋላ ሳንቃዎቹን ወዲያው አልሠራባቸውም ነበር። ጣራ ሥር በሥርዓት ደርድሮ፣ በመካከላቸው አየር እንዲገባ ጣውላ እየከተተ፣ ሁለት ሳምንት አድርቋቸዋል። እርጥብ እንጨት ቡፌ እንደማይሆን ያውቃላ! ለቡፌው የታገሠውን ለፒያኖው አልታገሠለትም። ፒያኖው ቤቱ የገባ ቀን መጀመሪያ የዳሰሰው ጎኑን ነበር፤ ሰፊ፣ አንጓ የሌለው፣ ዕድሜ ያደረቀው ሳንቃ። ስምንት ዓመት ሙሉ እሷ ስትጫወት እሱ እንጨቱን ሲያይ ኖሯል። አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል፤ ያን ጊዜ ቢለካ ኖሮ ልኬቱ ፒያኖው ደኅና እንደሆነ ይነግረው ነበር። ስለዚህ አልለካም።

ንገራት፣ አለው ልቡ። እሷ እኮ ባልሠራችው ኃጢአት ሃያ ሁለት ዓመት መስኮት ስትዘጋ የኖረች ናት። ብነግራትስ፣ አለው ሌላው ልቡ፣ ከእንግዲህ በምን ዓይን ታየኛለች? ቁርስ ላይ አስቦ ምሳ ላይ ይተወዋል። እንግዳ መጥቶ «ይሄ ቡፌ ደግሞ ሲያምር!» ሲል ይነሣና ውሃ ለመጠጣት ይሄዳል። ደመና ሲመጣ እሷ ብድግ ስትል ደግሞ፣ «ቆይ እኔ ልዝጋው» እያለ ይቀድማት ጀመር። ሴትየዋ ይህ ደግነት ከየት መጣ ብላ ግራ ገባት።

መልሱን ያመጣችላት ታናሽ እኅቷ ናት። «ባልሽ ማክሰኞ ማክሰኞ ጢሙን ተላጭቶ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ በላይ ይወጣል አሉ። እዚያ ያለችው ቆንጆ ልጅ ናት አሉ።»

ሚስቱ ከልቧ ሳቀች። «ማን ሊወስድልኝ ነው፣ ሰጋቱራ ሰጋቱራ የሚሸት ሽማግሌ!» ግን በሚቀጥለው ማክሰኞ ባሏ ምላጩን ሲያነሣ ጃንጥላዋን ይዛ በር ላይ ቆመች። «ዛሬ አብሬህ ነኝ» አለችው። ምላጩን መልሶ አስቀመጠና ተከተላት።

መምህሯ በደስታ ተቀበለቻቸው፤ ወንበር አቀረበች። ሚስቱ ፒያኖውን አየችና ባሏን አየች። ነገሩ ሲገባት እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ ግን ከመቀመጧ በፊት በስተቀኝ ያለው መስኮት ገርበብ ማለቱን አየችና ሄዳ ዘጋችው። «ውጭው እየዘነበ እኮ ነው፣ የኔ ልጅ» አለቻት መምህሯን፣ እየለመነቻት ማለት ይቻላል። «ተጠንቀቂለት። እኔ የሠራሁትን እንዳትሠሪ።»

ጋሽ አሥሬ ይህን በጀርባው ሰማ። ጣቶቹን ቁልፎቹ ላይ አኖረ። ጀመረ። ዜማዋ መጣች፤ እየተንገዳገደችም ቢሆን መጣች። ከኋላው ሚስቱ ትንፋሿን ስትሰበስብ ይሰማዋል። ዜማዋ ከላይ ወደ ታች የምትዞርበት ቦታ ሲደርስ እጁ ቆመ። ረስቶት አልነበረም።

«አልሞተም ነበር» አለ፣ ሳይዞር።

«ምኑ?»

«ፒያኖሽ። እርጥበት ነበር። ቢተዉት ይመለስ ነበር። አንቺ አልገደልሽውም። እኔ ነኝ።»

መምህሯ አንድ ነገር የረሳች መስላ ቀስ ብላ ወደ ሌላው ክፍል ወጣች። ሚስቱ ወንበሯን ወደ እሱ ሳበች።

«መቼ አወቅህ?»

«እዚሁ። ክረምቱ ሲገባ።» ይህን ብቻ ብሎ ማቆም ይችል ነበር። «እንጃ፤ ምናልባት ያኔም። ሳንቃውን እኮ ሁለት ሳምንት አድርቄዋለሁ፣ ቡፌውን ከመሥራቴ በፊት።»

ሠላሳ ዓመት የአናጢ ሚስት ለሆነች ሴት ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

«ስንት ጊዜ ለካህ?» አለችው።

«አንዴም።»

ጃንጥላዋን ጭኗ ላይ አገላበጠችው። ስትናገር አልጮኸችም፤ ቢጮኹበት በወደደ። «ይቅር ብለኸኝ ነበር እኮ» አለች።

ጋሽ አሥሬ ራሱን ደፋ።

«ጨርሰዋ» አለች በመጨረሻ።

«ምኑን?»

«ዜማውን ነዋ! እሱንም ግማሽ ላይ ልትተወው ነው?»

በዘጠኝ ተኩል ጣቱ፣ እንባው አፍንጫው ላይ እየወረደ፣ እየተሳሳተ፣ የተጣበቁት ሦስት ቁልፎች ቦታ ሲደርስ እየዘለለ ጨረሰው። ዞር ሲል ወንበሩ ባዶ ነው። በመስኮቱ ሲያይ፣ ሚስቱ ጃንጥላዋን ሳትዘረጋ በዝናቡ ውስጥ እየሄደች ነበር።

ቤት ሲደርስ ሳሎን ተቀምጣለች። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ዝናቡ በሰያፍ እየገባ ቡፌው ላይ ይወርዳል፤ ያን ሁሉ ቀን በእጁ ያሸው የቡፌው ገጽ ላይ ውሃው እየተንኳለለ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ሳያስበው ወደ መስኮቱ ተራመደ።

«ተወው» አለችው።

ተወው። አጠገቧ ተቀመጠና አብረው አዩት። ያን ክረምት በዚያ ቤት መስኮት አልተዘጋም። እኅቷ መጥታ «ምን ነካሽ፣ ቤቱ እኮ ኩሬ ሆነ!» ብትላትም አልዘጋችም። ለባሏ ከ«በላህ?» እና ከ«ወጣህ?» በላይ ቃል አልነበራትም፤ እሱም እነዚያኑ ሁለቱን ቃላት እንደ ምጽዋት ይቀበል ነበር። ፒያኖውን ግን እንዳይተው ነገረችው። ማክሰኞ ሲደርስ «አትሄድም?» ትለዋለች።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት ሻይ አፍልታ ብርጭቆ ለማውጣት ወደ ቡፌው ሄደች። የቡፌው በር አልከፈት አለ። ሳበችው። እግሯን ተክላ ሳበችው። ከዚያ ዞር ብላ ባሏን አየችው። ጋሽ አሥሬ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ነበር፤ መላጊያው በር ሥር ካለው የሥራ ሣጥኑ ውስጥ ነው።

«ሞተ እንዴ?» አለችው።

ባለበት ቀረ።

«አልሞተም» አለ። «አብጦ ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እስከ በጋ መታገሥ ነው። ራሱ ይመለሳል።»

«እንታገሣለና» አለችና ተቀመጠች።

ብርጭቆዎቹ ሁሉ ቡፌው ውስጥ ነበሩ። እሱ ወርክሾፕ ሄዶ ሁለት የብረት ኩባያዎች አጥቦ አመጣ፤ በጋ እስኪገባ ሻያቸውን በነሱ ጠጡ። አንደኛው የእንጨት ማጣበቂያ ይቀመጥበት ስለነበር የቱንም ያህል ቢታጠብ ኮላ ኮላ ይል ነበር። ሁልጊዜ ለሱ የምትቀዳለት በዚያኛው ነው፤ እሱም ነገሩን አንድ ቀን እንኳ አላነሣባትም።