በላሚኔት የታሸገው የዘር ሐረግ

ሦስት የገበያ ቀን፣ ሁለት የሃላሌ ምልልስ፣ የአጎቴ ኩርፊያ፤ ለአንድ ገጽ ወረቀት የከፈልኩት ይህን ነው። የሆነው አምና ለልጄ ሽማግሌ በላክንበት ሰሞን ነው። ሳስታውሰው ዛሬም ያናድደኛል።

በእኛ በወላይታ ከአንድ ጎሳ፣ በእናት በኩልም ከቅርብ ዘመድ መጋባት ነውር ነው። ሽማግሌ ሲቀመጥ መጀመሪያ ዘር ይቆጠራል። የእኛን ቤት ቆጠራ በቃሉ የሚያውቀው ሃላሌ ያለው አጎቴ ነው። እኔ ሶዶ የግንባታ ዕቃ እሸጣለሁ፤ ሱቅ ዘግቶ መሄድ ከበደኝ። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ አንድ ገጽ ላይ የቤተሰባችን የዘር ሐረግ ተሰድሮ አገኘሁ። አያቴም አለበት። በከለር አሳትሜ ላሚኔት አስደረግኩት።

ምስማር ስገዛ እንኳ አንዱን ሳላጎብጥ የማላስመዝን ሰው ነኝ። ይህን ግን እንዳለ ተቀበልኩ።

ሽማግሌ በተቀመጠ ቀን ወረቀቱን አቀረብኩ። የልጅቷ አባት መነጽሩን አድርጎ አነበበና ጣቱን አንድ ስም ላይ አሳረፈ።

«የአያትህ እናት ተብላ የተጻፈችው የእኔ አያት እህት ናት። ልጆቹ ዘመድ ናቸው እኮ!»

«ስህተት ይሆናላ» አልኩ።

«ያመጣኸው አንተ፣ ውሃ እንዳይነካው ያሸግከው አንተ!»

ሽማግሌዎቹ ተነሡ፤ ጋብቻው ቆመ። ልጄ ሳምንት ሙሉ አላናገረኝም።

በገበያ ቀን ሱቄን ዘግቼ ሃላሌ ሄድኩ። አጎቴ ወረቀቱን አየና መለሰልኝ። «ስልክህን ነው የጠየቅከው። በል ሽማግሌም እሱን ላክ» ብሎ አሰናበተኝ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ታላቅ እህቴን ይዤ ተመልሼ ለመንኩት።

በሦስተኛው የገበያ ቀን አጎቴ ራሱ ሶዶ መጣ። በሽማግሌ ፊት ቆሞ የአያቴን እናት ከነአባቷ፣ ከነመንደሯ ቆጠረ። ወረቀቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ደግሞ ማን ቤት እንደገባችና እነማንን እንደወለደች ተናገረ፤ እኛ ቤት አልደረሰችም። የልጅቷ አባት «እውነት ነው፣ እኛም እንዲሁ ነው የሰማነው» አለ።

የኢንተርኔቱን ገጽ ለሚያስተዳድሩት እንዲያርሙ ጻፍኩ። «የታተመ ምንጭ ያያይዙ» አሉኝ። የአጎቴን ድምፅ ቀድቼ ላክሁ። «ድምፅ አንቀበልም» አሉ። እነሱ የጻፉትን ከየት እንዳመጡት ጠየቅኩ፤ «የታተመ ምንጭ ያያይዙ» የሚለውን ደግመው ላኩልኝ።

አሁን ኢንተርኔት የምከፍተው የቆርቆሮ ዋጋ ለማየት ነው፤ እሱንም ደውዬ አረጋግጣለሁ።

ልጆቹ ተጋብተዋል። ገጹ ላይ ግን ዛሬም ዘመዳሞች ናቸው።