ዊልማ ድንጋዩን እንደ አውቶቡስ የነዳችበት እሁድ

ዊልማ ፔትራሽ ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታለች። በሳስካችዋን ክፍለ ሀገር ክረምት፣ መንገዱ ከሜዳው በማይለይበት የበረዶ ውሽንፍር ውስጥ፣ አርባ ሕፃናት ከኋላዋ እየተንጫጩ እጇ አንድ ቀን እንኳ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። ይኸው ጀግና እጅ ታዲያ በከተማችን የከርሊንግ አዳራሽ የፍጻሜ ጨዋታውን የመጨረሻ ድንጋይ ሲጨብጥ ድርቅ ይላል። ከርሊንግ ከባድ ድንጋይ በበረዶ ላይ አንሸራትቶ ከክቦች መሃል የማሳረፍ ጨዋታ ነው፤ የቡድኑ ሰዎች ከድንጋዩ ፊት በረዶውን በመጥረጊያ እየጠረጉ ያራምዱታል። አራት ፍጻሜ፣ አራት ጊዜ ድርቅ! በአራተኛው ድንጋዩ ገና መንገድ ላይ እንዳለ ቀጥ ብሎ ቆመ። አብራት የምትጫወተው ታናሽ እህቷ ቨርና ከዚያ ወዲህ ባገኘቻት ቁጥር፣ ዱቄት መሸጫው ውስጥም ቢሆን፣ "ድንጋይሽ ደረሰ ወይ?" ትላታለች።

ስለዚህ ዘንድሮ ዊልማ ማለች። አምስተኛ ጊዜ እጇ ከደረቀ የቡድን አለቃነቱን ለቨርና አስረክባ መጥረጊያዋን ትሰቅላለች። ከአሥራ ሰባት ዓመቷ ጀምሮ ለተጫወተች ሴት ይህ ቀላል መሐላ አይደለም። ከጭንቀቷ የተነሳ አንድ ቀን የቀይ ሥር ሾርባው ላይ በጨው ፋንታ ስኳር ነሰነሰችበት።

ሾርባውን የቀመሰችው የቨርና ልጅ ላሪሳ ነበረች። ላሪሳ ሳስካቱን ከተማ ውስጥ የስፖርተኞችን ሥነ ልቦና ትማራለች፤ ማንኪያዋን አስቀምጣ አክስቷን ትመረምራት ጀመረች።

"አክስቴ፣ አውቶቡሱን ከማስነሳትሽ በፊት ምን ታደርጊያለሽ?"

"ምን አደርጋለሁ? መስታወት አያለሁ፣ ቀበቶ አስራለሁ፣ በር እዘጋለሁ፣ 'ተቀመጡ!' ብዬ እጮሃለሁ፣ እሄዳለሁ።"

"ስትነጂ ስለ ማን ታስቢያለሽ?"

"ስለ መንገዱ ነዋ! ስለ ማን ላስብ?"

"ድንጋዩን ስትይዢስ?"

ዊልማ ድንጋዩን ስትይዝ የምታስበው ስለ ዋንጫው፣ ስለ ቨርና ምላስና ከአዳራሹ የመስታወት ግድግዳ ማዶ ቢራ ይዘው ስለሚያዩዋት ሰዎች ነበር። ስለ ድንጋዩ ብቻ አስባ አታውቅም።

"በቃ፣ ድንጋዩንም ንጂው" አለች ላሪሳ። "ሁልጊዜ ያንኑ በዚያው ተራ አድርጊ፣ ያንኑ ቃል ለራስሽ በይ፣ የሚሄድበትን መንገድ ቀድመሽ በሐሳብሽ እዪው። ከእጅሽ ከወጣ በኋላ ያንቺ አይደለም። ያንቺ ሥራ አነሳሱ ነው።"

ጥር ወሩን ሙሉ ዊልማ በረዶው ላይ ተንበርክካ የሌለ መስታወት ስታስተካክል፣ የሌለ ቀበቶ ስታስር፣ በአፏ "ፍሽሽ" እያለች የሌለ በር ስትዘጋ፣ "ተቀመጡ!" ብላ ስትጮህ ከተማው በሳቅ ሊሞት ደረሰ። ቨርናማ "ቲኬት ስንት ነው?" ብላ መጥረጊያዋ ላይ ተደግፋ እየሳቀች አነባች።

የፍጻሜው እሁድ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ተጋጣሚያቸው የመርዶክ ማካስላንድ ቡድን ነው፤ ዋንጫውን ዘጠኝ ጊዜ ወስዷል። የመርዶክ ድንጋይ ለክቦቹ መሃል ቅርብ ሆኖ ተቀምጧል። የቀረው አንድ ድንጋይ የዊልማ ነው፤ ከፊት መንገዱን የዘጋውን ድንጋይ ዞሮ መሃሉ ላይ ካላረፈ አለቀ።

ተንበረከከች። መስታወት ግራ፣ መስታወት ቀኝ። ቀበቶ። ፍሽሽ። ይኼኔ ከመስታወት ግድግዳው ማዶ ተመልካቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ "ተቀመጡ!" ብሎ ጮኸ። ዊልማ ራሷ ሳቋ አመለጣት። ሳቁ ትከሻዋን ፈታው፣ ትከሻዋ ክንዷን፣ ክንዷ እጇን፤ ድንጋዩ ከጣቶቿ ወጣ።

"ጥረጉ!" ብላ ጮኸች። "ቨርና፣ ጥረጊ! ጥረጊ አልኩሽ!"

ቨርና ፊቷ ድልህ መስሎ በረዶውን ፈገፈገችው። ድንጋዩ የፊተኛውን በስንዝር አልፎ ቀስ እያለ ዞረ፣ ዞረ፣ ልክ መሃሉ ላይ ተቀመጠ። አዳራሹ ፈነዳ። ዊልማ ዘለለች፣ ጨፈረች፣ ተንሸራትታ በቂጧ ወደቀች።

ቨርና ግን እጇን አንስታ ቆማለች። "ነካሁት" አለች። "ክቡ ውስጥ ሲገባ መጥረጊያዬ ነክቶታል።"

የሚሄድ ድንጋይ በመጥረጊያ መንካት ክልክል ነው፤ ማንም ግን አላየም። በዚህ ጨዋታ ደግሞ የነካ ሰው ራሱ ይናገራል፤ ዋንጫው አፍንጫው ሥር ቢሆንም ይናገራል። ድንጋዩ ይቆይ ወይስ ይውጣ የሚለው የመርዶክ ፈንታ ነው። መርዶክ ጢሙን አሸ፣ ድንጋዩን አየ፣ ቨርናን አየ።

"ብዙ ነው የነካሽው?"

"እኔ እንጃ" አለች ቨርና፤ እንባዋ መጣ።

ዊልማ ወድቃ በተቀመጠችበት ትስቅ ነበር። እየሳቀች እየዳኸች መጣችና ድንጋዩን በእጇ ገፍታ ከክቦቹ አስወጣችው።

"አታስጨንቁት ሰውዬውን" አለች። "ከእጄ ወጥቷል፣ የእኔ አይደለም። ዋንጫው ያንተ ነው፣ መርዶክ።"

እንደ ደንቡ አሸናፊዎቹ ለተሸናፊዎቹ መጠጥ ይዘው መጡ። መርዶክ ዘጠኝ ዋንጫውን አሥር ያደረገ ሰው አይመስልም፤ ብርጭቆውን አስቀምጦ ወደ ዊልማ ጆሮ ጎንበስ አለ።

"ያ መስታወት... መጀመሪያ የግራው ነው የቀኙ? የእኔም እጅ ይደርቃል። ለማንም አልተናገርኩም።"

"የግራው" አለች ዊልማ። "ቀበቶህን ደግሞ እንዳትረሳ።"

ቨርና ጥግ ላይ ፊቷን በጓንቷ ሸፍና ተቀምጣለች። "አለቃነቱን አልፈልግም" አለች እያለቀሰች። "ይቅር በይኝ። አበላሸሁብሽ።"

ዊልማ ጓንቱን ከፊቷ ላይ ገፈፈችው። ደስታው አላስቀምጥ ብሏታል፤ እጇን ዘርግታ እህቷ አፍንጫ ሥር ያዘችላት። እጇ ዛሬ አልደረቀም።

"ይልቅ ንገሪኝ" አለች። "ድንጋዬ ደረሰ ወይ?"

"ደረሰ!" አለች ቨርና፤ እንባዋና ሳቋ ተደባለቀ። "ደረሰ፣ አንቺ እብድ፣ ደረሰ!"