ኮረሪማው ሥር የነበረው ቅጠል

ኮረሪማ ሲወቀጥ በሸተተኝ ቁጥር የልጅነቴ ግቢ ትዝ ይለኛል፤ ይናፍቀኛልም፣ ያሳፍረኛልም።

አባቴ ባሕር ዳር ፋብሪካ ሥራ ሲያገኝ እናቴ ከከፋ ተከትላው መጣች። ከእናቷ ጓሮ የነቀለችውን የኮረሪማ ሥር በኮባ ጠቅልላ ይዛ ነበር። በደርግ ጊዜ ያለ ይለፍ ወረቀት ከአገር አገር መሄድ ስለሌለ፣ ተመልሳ ሌላ ማምጣት አትችልም። «ይቺ ከሞተችብኝ አገሬ ቀረ ማለት ነው» ትል ነበር።

የቀበሌ ቤታችን ግቢ ድሮ የከብት መዋያ ሜዳ ነበር። አፈሩ ዋልካ ነው፤ ክረምት ጫማ ያስቀራል፣ በጋ ተሰነጣጥቆ ጫጩት ይውጣል። ሣሩማ ይወደዋል፤ ሥሩን ቁልቁል ሰዶ እዚያው ይበሰብሳል፣ አፈሩም ከዚያ ይወፍራል። ኮረሪማው ግን ቢጫ ሆነ።

ከዘጌ በታንኳ እንጨት የሚያመጡልን ሽማግሌ ነበሩ። እናቴ አንድ ጆንያ የጫካ አፈር ለመነቻቸው።

«አፈሩ ብቻውን ምን ይረባሻል ልጄ?» አሏት። «እኛ ዘንድ በሬ አይጠመድም። ዛፉ ያራግፋል፣ ቅጠሉ ይበሰብሳል፣ ዛፉ መልሶ ይበላዋል። ጥቁሩ ከላይ አንድ ስንዝር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጭንጫ ነው።»

አፈሩንም ቅጠሉንም አመጡላት። ኮረሪማውን ቅጠል አለበሰችው፤ ክረምቱ ሳይወጣ ለመለመ። እናቴ እያንጎራጎረች ልብስ ታጥብ ጀመር። ጎረቤቶቻችን «ቆሻሻ ታጠራቅማለች» እያሉ አሟት። በእኛ ሰፈር የባለሙያ ግቢ የሚባለው ጠዋት ማታ የሚጠረግ ነው።

በጋ ላይ ቀበሌ ለጽዳት ዘመቻ ቤት ለቤት ሊያይ ነው ተባለ። ከዚያ በፊት በቅጠሉ ምክንያት ስማችን በስብሰባ ተነሥቶ አባቴ አንገቱን ደፍቶ ገብቶ ነበር። እናቴ ገበያ ስትወጣ መጥረጊያውን አቀበለችኝና «እንከን እንዳይወጣለት» አለችኝ። እኔ ደግሞ ታዛዥ ነኝ! ኮረሪማው ሥር ያለውን ሳይቀር ልቅም አድርጌ ጠረግሁና አቃጠልሁት። ሊያዩ የመጡት «ጎበዝ» ብለውኝ ሄዱ።

እናቴ ስትመለስ ቅጠሉ የት እንደሄደ ጠየቀችኝ። ነፋስ ወሰደው አልኋት። አመዱን አየት አድርጋ ወደ ቤት ገባች።

ሌላ ቅጠል እስኪመጣ ፀሐዩ የተራቆተውን አፈር አደረቀው። ኮረሪማው ረገፈ። እናቴ ነፍስ ያለባትን አንዲት የሥር አንጓ ቆፍራ አወጣችና ለሽማግሌው ሰጠች። «እርስዎ ዘንድ ትኑርልኝ» አለቻቸው። ያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

ከሦስት ክረምት በኋላ ሽማግሌው እንጨቱን አራግፈው ከጋቢያቸው ጫፍ አንድ ቀይ የኮረሪማ ፍሬ ፈቱ። እናቴ ሰንጥቃ አሸተተችው፤ እንባዋ ወረደ። እኔም ከዚያ በላይ መሸከም አልቻልሁም።

«እማ፣ ነፋስ አይደለም። እኔ ነኝ የጠረግሁት።»

ፍሬውን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋችልኝ።

«አውቃለሁ» አለች። «መጥረጊያውን ያቀበልኩሽ እኔ አይደለሁ?»